የሙኔሳ ደን፣ የደጋ አጋዘንና የ60 ዓመት ሞዴል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር፦ ጥያቄውን ማጥበብ

ቦታው የሙኔሳ ደን ነው። ከላንጋኖ ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ወደ አርሲ ደጋ በሚያወጣው ዳገት ላይ ይገኛል። ከፊሉ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ወይራና ብሳና ያለበት የተፈጥሮ ደን ነው፤ ከፊሉ በረድፍ የተተከለ የፈረንጅ ጥድ፣ ባሕር ዛፍና ፓቱላ። የተተከለው ለጣውላና ለምሰሶ ይቆረጣል፣ ቦታው እንደገና ይተከላል። በሁለቱም ውስጥ የደጋ አጋዘን ይኖራል፤ በ10 ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው፣ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ሌላ ቦታ የሌለው እንስሳ።

በኮምፒውተር የምሠራው ሞዴል እንዲመልስ የምፈልገው ይህን ነው፦ ዛፉ የሚቆረጥበት ዕድሜ፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ቦታ ስፋትና የማሳሳት ሥራው (ከዛፎቹ ከፊሉን ቆርጦ ለቀሩት ቦታና ብርሃን መስጠት) ጊዜ ቢለዋወጥ፣ በ60 ዓመት ውስጥ ለአጋዘኑ የሚተርፈው መኖሪያ እንዴት ይለዋወጣል?

60 ዓመት ያልኩት የፈረንጅ ጥድ ለጣውላ ሲፈለግ በ25 ዓመት ገደማ ስለሚቆረጥ ነው። ሁለት ሙሉ ዙርና ትንሽ ትርፍ ይታይበታል። ከዚያ ሲረዝም ስለ ገበያ፣ ስለ ሰፈራና ስለ ዝናብ የማስቀምጠው ግምት ከዛፉ ዕድገት በልጦ ውጤቱን መምራት ይጀምራል።

ጉሬዛንም ለመጨመር አስቤ ተውኩት። ጉሬዛ የሚፈልገው የዛፉ አናት ሳይቋረጥ እንዲያያዝለት ነው፤ ለእርሱ ቆረጣ ሁሌም ኪሳራ ስለሆነ መልሱ ሳይሰላ ይታወቃል። አጋዘን ግን ሁለት የሚጋጩ ነገሮች ይፈልጋል፦ ቀን የሚሸሸግበት ጥቅጥቅ ያለ ቦታ፣ ማታ ወጥቶ የሚበላበት ብርሃን ያገኘ ቁጥቋጦና ሣር። ቆረጣ አንዱን ሲያጠፋ ሌላውን ይፈጥራል። ሞዴል የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ደን እና ደን ያልሆነ ብሎ ከሚለይ ካርታ መጀመር ግን አያዋጣም። አገራችን አሁን የምትሠራበት የደን ትርጉም ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የጥላ ሽፋን ነው። በዚህ መለኪያ ሥሩ ባዶ የሆነ የ20 ዓመት ጥድና እስከ መሬት በሐረግና በቁጥቋጦ የተሞላ የዝግባ ጫካ እኩል ናቸው። ለካርቦን ቆጠራ ይሆን ይሆናል፤ ለአጋዘን አይሆንም።

ታኅሣሥ፦ የሳተላይት መረጃ

የሞዴሉን ክልል 30 በ30 ኪሎ ሜትር አደረግኩት። የላንድሳት ሳተላይት ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ካሬ) ጎኑ 30 ሜትር ስለሆነ ይህ አንድ ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል። ክምችቱ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነፃ ስለሚሰጥ ለምስል የሚከፈል ነገር የለም፤ ኪስ የሚጎዳው የኢንተርኔት ጥቅሉ ነው። አንድ ሙሉ ምስል ማውረድ የቀረውን ገንዘብ ሲበላው ሥራውን ወደ ጉግል ኧርዝ ኢንጂን አዛወርኩት። እዚያ ስሌቱ በእነርሱ ኮምፒውተር ላይ ያልቅና የተቆረጠችው ቁራጭ ብቻ ትወርዳለች።

የክረምት ምስል በደመና ምክንያት ዋጋ የለውም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉትን ብቻ ወሰድኩ። ደረቅ ወቅት መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማሳውና ሣሩ ቢጫ ስለሚሆን ዛፉ ተለይቶ ይወጣል። የላንድሳት 7 ምስሎች ግን እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2003 መጨረሻ ወዲህ መሣሪያው ስለተበላሸ ባዶ መስመሮች አሏቸው። የበርካታ ወራትን ምስል ደርቦ መካከለኛውን ዋጋ መውሰድ ክፍተቱን በአመዛኙ ይሞላዋል።

በነፃ የሚገኘው የዓለም የደን ለውጥ ካርታ ለዚህ ሥራ አሳሳች ነው። ለጣውላ የተቆረጠውን ክፍል ደን እንደወደመ ይመዘግበዋል፤ በሁለተኛው ዓመት ችግኝ ቢተከልበትም አያውቅለትም። ከዚህ በላይ አንድ ፒክስል ላይ የሚመዘግበው መጥፋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ይመስላል። ካርታውን የቆረጣ ዓመት ለመጠቆም ብቻ ተጠቀምኩበት፤ የዛፉን ዕድሜ ከምስሎቹ ተከታታይ ራሴ አወጣሁ።

የዛፍ ቁመት ለማግኘት ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚለካውን የጌዲ ሌዘር ሞከርኩ። ገደሉ ላይ ቁጥሩ ያብዳል። ሌዘሩ መሬት ላይ የሚያርፍበት ክብ 25 ሜትር ስፋት አለው፤ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ሲሆን በዚያ ክብ ውስጥ ብቻ የመሬቱ ከፍታ ልዩነት 14 ሜትር ይደርሳል። ዛፍ የሌለበት ገደል ረጅም ደን መስሎ ይወጣል። ተዳፋቱ ከ15 ዲግሪ በላይ የሆነውን ሁሉ ጣልኩ። የቀረው ነጥብ ጥቂት ቢሆንም ዕድሜና ቁመትን ለማያያዝ ይበቃል።

የክፍሎቹን ወሰን ከወረቀት ካርታ ስካን አድርጌ በኪውጂአይኤስ የካርታ ሶፍትዌር ስስል ደግሞ ሁሉም መስመር ወደ ጎን ሸሸ። በተፈጥሮ ደን ላይ የጥድ ክፍል፣ በጥዱ ላይ መንገድ ተቀመጠ። ምክንያቱ አዲንዳን የሚባለው የድሮ የካርታ መለኪያ መነሻ ነው። የድሮዎቹ 1 ለ50,000 ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ሲሆን ሳተላይቱና ጂፒኤሱ በሌላ ነው የሚያነቡት፤ በመካከላቸው ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። በ30 ሜትር ፒክስል ሲታሰብ ይህ ሰባት ፒክስል ያህል ነው። ፋይሉን መጀመሪያ አዲንዳን ዞን 37 ሰሜን ብሎ አስታውቆ ከዚያ መቀየር ነው መፍትሔው። በእጅ ጎትቶ ለማስተካከል የሚሞክር ሰው አንዱን ጥግ ሲያስተካክል ሌላው ይበላሽበታል።

ጥር፦ መሬት ላይ

መሣሪያ፦ ጂፒኤስ፣ ቴፕ ሜትር፣ የዛፍ ውፍረት መለኪያ፣ ገመድ፣ ደብተርና የአቡጀዲ ጨርቅ። ጨርቁ 2 ሜትር ርዝመት አለው፤ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ በቀይ ቀለም ተቀብቶ ሁለት እንጨት ላይ ይወጠራል። አንድ ሰው ይዞት ይቆማል፣ ሌላው 15 ሜትር ርቆ ስንት በመቶው እንደተሸፈነ ይመዘግባል። ከዕቃዎቹ ሁሉ የረከሰው ይህ ነው፤ የጠቀመውም ይኸው። አጋዘን ሲሸሽ የሚያስፈልገው በራሱ ቁመት ልክ ያለው ሽፋን እንጂ 20 ሜትር ላይ ያለው ጥላ አይደለም፤ ይህንን ደግሞ ሳተላይት አያየውም።

ጨርቁ የጥዱን ታሪክ ገለበጠው። ከስምንት እስከ አሥራ አራት ዓመት ባለው ጥድ ውስጥ ቅርንጫፉ እስከ መሬት ስለሚወርድ ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። በ20 ዓመቱ፣ የታችኛው ቅርንጫፍ ተገርዞ ወይም ደርቆ ሲወድቅ፣ በግንዶቹ መካከል ጨርቁ ከሞላ ጎደል ይታያል። ሥሩም ባዶ ነው፤ ጥዱ ጥላው ስለሚከብድ ሌላ አያበቅልም። ትልቅ ደን የሚመስለው ነገር ለአጋዘኑ መብልም መሸሸጊያም አይደለም። በጊዜው የተሳሳው ክፍል ግን ሌላ ነው፤ ብርሃን የገባበት ቦታ ሁሉ ቁጥቋጦና የአገር በቀል ዛፎች ችግኝ ይዟል። የተተከለ ደን ለአገር በቀሉ ሞግዚት ሊሆን እንደሚችል በዚሁ በሙኔሳ የተሠሩ ጥናቶች ቀደም ብለው አሳይተዋል።

እንስሳቱን ለመቁጠር በጠጥ መቁጠርን መረጥን። ራዲየሱ 5.64 ሜትር የሆነ ክብ (100 ካሬ ሜትር ይመጣል) በገመድ ይሠራል፣ ያለው በጠጥ ሁሉ ይጠረጋል፣ ከ30 ቀን በኋላ አዲሱ ይቆጠራል። የድኩላውና የፍየሉ በጠጥ ይምታታሉ፤ የአጋዘኑ በመጠኑ ይለያል።

ውጤቱ ግን የሚያስቅ ሆነ። ብዙ በጠጥ የተገኘው ጥዱ ውስጥ ነው። እንዳለ ቢወሰድ የደጋ አጋዘን ምርጥ መኖሪያ የፈረንጅ ጥድ ነው ማለት ነበር። አብረውን የሚዞሩትን የደን ጠባቂ ጋሼ ብዬ ጠየቅኳቸው። “ልጄ፣ ጥዱ መኝታ ቤቱ ነው፤ ጓዳው ሌላ ቦታ ነው” አሉኝ። ጓዳው የት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ “የተቆረጠው ላይ ነዋ፤ ከብቱ ከወጣ በኋላ” አሉ። በዚያን ሰዓት የመጀመሪያውን እንጂ የመጨረሻዋን ሐረግ ደብተሬ ላይ አላሰፈርኩም፤ ኋላ ላይ ወደ እርሷ ተመልሼ እመጣለሁ።

በጠጡ የሚበዛበት ሌላም ምክንያት አለ። የጥድ ወለል ንጹሕ ስለሆነ ሁሉም ፍሬ ይታያል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ደግሞ ቅጠሉ ይሸፍነዋል፣ እርጥበቱና ጥንዚዛውም ቶሎ ይፈጀዋል። ለማረም የታወቀ ቁጥር ያለው በጠጥ በእያንዳንዱ ዓይነት ክፍል በትነን ሌላ ሰው እንዲፈልገው አደረግን፤ የተገኘው ድርሻ ማካካሻ ሆነ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ያለ እርሱ ግን የቀረው ሁሉ ከንቱ ነበር።

የካቲት፦ የተስማሚነት ቀመር

እያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 1 ሁለት ነጥብ ይሰጠዋል፤ አንዱ ለመኖ፣ ሌላው ለመሸሸጊያ። ሁለቱንም የሚወስነው የዛፉ ዓይነት፣ ዕድሜውና መቼ እንደተሳሳ ነው። ለቤቶችና ለመንገድ መቅረብ ይቀንሰዋል።

ክርክሩ ሁለቱ ነጥቦች እንዴት ይዋሃዱ የሚለው ላይ ነው። መኖ 0.9፣ መሸሸጊያ 0.1 የሆነበት ቦታ በተራ አማካይ 0.5 ያገኛል፤ ይህ ማለት ሜዳ ላይ የቆመ አጋዘን ግማሽ ደኅና ነው ማለት ነው። ዝቅተኛው ይወሰድ ቢባል 0.1 ይሆናል፣ ይህ ደግሞ ይጨክናል። የሁለቱ ብዜት ካሬ ሥር 0.3 ይሰጣል። እርሱን ያዝኩ።

ያም ሆኖ ሁለቱ አንድ ፒክስል ላይ መገኘት የለባቸውም። እንስሳው ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፒክስል በዙሪያው 500 ሜትር ውስጥ ያለው ምርጥ መኖና ምርጥ መሸሸጊያ ይታያል፤ ይህ 78 ሄክታር ያህል ነው። 500 የሚለው ግምት ነው። በባሌ፣ በጋይሳይ ሜዳ ስለሚኖሩት አጋዘኖች የተጻፈ ብዙ አለ፤ ግን ያ በ3,000 ሜትር ከፍታ ያለ ክፍት አገር ነው። የሙኔሳው አጋዘን የሚኖረው ዝቅ ባለና በደን በተሸፈነ መሬት ስለሆነ ቁጥሩን ከዚያ መቅዳት አልፈለግኩም። በ300፣ በ500 እና በ1,000 ሜትር እያሠራሁ ማወዳደር መረጥኩ።

መጋቢት፦ ሶፍትዌር

መጀመሪያ የሞከርኩት ላንዲስ የሚባለውን የደን አስመሳይ ነው። ነፃ ነው፣ ብዙ ተሠርቶበታል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ዛፍ ዘሩ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ጥላ ምን ያህል እንደሚችል፣ በስንት ዓመቱ እንደሚያፈራ ይጠይቃል። ለፈረንጅ ጥድና ለባሕር ዛፍ መልስ ይገኛል። ለዝግባና ለጥቁር እንጨት ግን ሠንጠረዡን በግምት መሙላት ሊሆንብኝ ነው። በግምት የተሞላ ትልቅ ሞዴል በግምት ከተሞላ ትንሽ ሞዴል የሚለየው ግምቱ የማይታይ መሆኑ ነው። ትቼው በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ የራሴን ጻፍኩ፤ በየዓመቱ ዕድሜ ይጨምራል፣ የሚቆረጠው ይቆረጣል፣ የሚሳሳው ይሳሳል፣ ነጥቡ ይሰላል።

ቀጥሎ ዲስኩ ሞላ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሚሊዮን ፒክስል በ4 ባይት 4 ሜጋባይት ነው። 60 ዓመት፣ 4 የአስተዳደር አማራጭ፣ ለእያንዳንዱ 50 ድግግሞሽ ሲባል 12,000 ራስተር (የፒክስል ካርታ) ይሆናል፤ 48 ጊጋባይት፣ ለአንድ ተለዋዋጭ ብቻ። አዲስ ዲስክ ከመግዛት በየአምስት ዓመቱ ብቻ እንዲያስቀምጥና ነጥቡንም ከ0 እስከ 100 ባለ ሙሉ ቁጥር በአንድ ባይት እንዲጽፍ አደረግኩ። 2.4 ጊጋባይት ሆነ። ለመብራት መቋረጥ ደግሞ በየድግግሞሹ መጨረሻ ያለበትን ሁኔታ ይጽፋል፤ ሲነሣ ከዚያው ይቀጥላል።

የዓመቱ ሩጫ ሁሉ አንድ የማይመስል ነገር ያሳይ ነበር። በምሥራቁ ጠርዝ፣ ደጋው ላይ፣ መኖው ያለ ምክንያት ይጨምራል። የዙሪያውን ስሌት ለማፍጠን በተጠቀምኩበት ዘዴ ካርታው ከጠርዙ ሲደርስ ተጠቅልሎ ከሌላው ጫፍ ይቀጥላል፤ ስለዚህ የላንጋኖ ዳር ቆላ ከአርሲ ደጋ ጋር ጎረቤት ሆኗል። በዙሪያው የአንድ ኪሎ ሜትር ባዶ ኅዳግ ጨምሬ ኋላ ቆርጬ ስጥለው ጠፋ።

ሚያዝያ፦ አራቱ አማራጮች

የመጀመሪያው መነሻ ነው፦ በ25 ዓመት፣ 40 ሄክታር በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፣ ማሳሳቱ ይዘገያል ወይም ይቀራል። ሁለተኛው ያንኑ ያህል እንጨት ይቆርጣል፣ ግን በ10 ሄክታር ቁርጥራጭ፤ የአንዱ ጎረቤት ስምንት ዓመት ሳይሞላው አይነካም። ሦስተኛው መነሻውን ይዞ በ8 እና በ15 ዓመት በጊዜው ያሳሳል። አራተኛው ዕድሜውን ወደ 40 ያራዝማል።

ከአራተኛው ብዙ ጠብቄ ነበር፤ ረጅም ዕድሜ ለዱር እንስሳ ይሻላል የሚባለው የተለመደ ነው። ለተፈጥሮ ደን እውነት ነው። ሳይሳሳ ለሚያረጅ ጥድ ግን ማራዘም ማለት ያንን ባዶ ግንድ ዘመን በ15 ዓመት ማርዘም ነው፤ ከአራቱ ዝቅተኛውን አማካይ ያስመዘገበው እርሱ ሆነ። ሦስተኛው፣ ማሳሳት ብቻ የጨመረው፣ ሁሉንም በለጠ።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው የ60 ዓመት አማካይ ተቀራራቢ ነው። ይህን አይቶ የቁራጩ ስፋት ለውጥ አያመጣም ማለት ስህተት ነው፤ አጋዘን በአማካይ አይኖርም። በየአምስት ዓመቱ ያለውን መስመር ስስለው መነሻው ላይ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። የሰፊ ክፍሎች ተከላ በተመሳሳይ ዓመታት ስለተካሄደ ሁሉም አብረው ያረጃሉ፣ አብረው ይቆረጣሉ። አንድ አስርት ዓመት መሸሸጊያ የለም፤ ቀጥሎ መኖ የለም። ትንንሾቹ ቁርጥራጮች ዕድሜውን ስለሚያሰባጥሩት ጉድጓዱ ይሞላል። ከዚህ በኋላ በሠንጠረዡ ከአማካዩ ጎን የክፉውን አስርት ዓመት ነጥብ አስቀምጣለሁ።

ግንቦት፦ ከብቱ

ውጤቱ ምን ላይ እንደቆመ ለማወቅ እያንዳንዱን ቁጥር በ20 በመቶ ከፍና ዝቅ እያደረግኩ አሠራሁት። ብዙ የደከምኩበት የዛፍ ዕድገት ፍጥነት ብዙም አያነቃንቀውም። የ500 ሜትሩ ግምትም በመጠኑ ነው። ሁሉንም የሚያናውጠው ለተቆረጠ ቦታ የሰጠሁት የመኖ ነጥብ ነው፤ 0.9።

የጠባቂው ሐረግ እዚህ ጋ ትዝ አለችኝ፦ ከብቱ ከወጣ በኋላ። 0.9 የሚለው የበቀለው ሁሉ ለአጋዘኑ ነው ይላል። በተቆረጠ ቦታ ግን መጀመሪያ የሚገባው ላምና በሬ ነው፤ ከእረኛውና ከውሻው ጋር። ሞዴሉ የዛፍ ሞዴል ሆኖ ስለተጀመረ ከብት የሚባል ነገር አልነበረውም።

ጨመርኩት። ከሰፈር ያለው ርቀት የግጦሹን ድርሻ ይወስናል። አንድ ቁጥር ስለማላውቅ የተቆረጠው ቦታ መኖ ሩብ፣ ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ ለከብት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለየብቻ አሠራሁ። በሩቡ ደረጃው አልተለወጠም። በግማሹ የትንንሽ ቁርጥራጮች ብልጫ ቀለጠ። በሦስት አራተኛው ከመነሻውም ባሰ።

ምክንያቱ ጂኦሜትሪ ነው። 40 ሄክታር ካሬ ዙሪያው 2.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያው 40 ሄክታር በአራት ባለ 10 ሄክታር ካሬዎች ሲከፈል ዙሪያው 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ በተለያየ ቦታም ይበተናል። የሚጠበቀው ጠርዝ እጥፍ ሆኗል፤ ጠባቂው ግን ያው አንድ ሰው ነው። ወረቀት ላይ ምርጥ የሆነው የቆረጣ ዕቅድ የግጦሽ ስምምነት ከሌለው የእረኛ ዕቅድ ይሆናል። በአዳባና ዶዶላ የተሞከረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ደን ብሎ የሰውን ቁጥር ከመሬቱ ጋር አያይዞ የጀመረው በከንቱ አልነበረም። ሥርዓቱን እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም፣ እዚያ የተፈጥሮ ደን ነው፤ ግን የቆረጣ መርሐ ግብርና የግጦሽ መርሐ ግብር አንድ ወረቀት ላይ መቀመጥ እንዳለባቸው አሁን አምናለሁ።

ማሳሳት ግን በሦስቱም የግጦሽ ደረጃ አንደኛ ሆኖ ቀረ። በተሳሳ ጥድ ውስጥ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ከብትን ከሣሩ ያነሰ ይስባል፤ ቢያንስ በሞዴሉ ያስቀመጥኩት እንዲህ ነው፣ ይህም መለካት አለበት።

ሰኔ፦ ወደ ኋላ ማሠራት

ከ1980ዎቹ የላንድሳት ምስል ተነሥቶ እስከ ዛሬ ካሠራሁት በኋላ ከአሁኑ ምስል ጋር አወዳደርኩ። የዕድሜ ስርጭቱ በደህና ይገጥማል። የማይገጥመው ዳር ዳሩ ነው፤ ሞዴሉ የተፈጥሮ ደን ነው ያለው ቦታ እርሻ ሆኗል። ወደ እርሻ የሚቀየር ዳር ለመጨመር ቀላል ነው፤ በየስንት ዓመቱ እንደሚገፋ ከምስሎቹ ይወጣል።

በእንስሳ ቁጥር ለማረጋገጥ ግን አልሞክርም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት የባሌ አጋዘኖች ክፉኛ ተገድለዋል፤ ሣሩና ቁጥቋጦው ግን የትም አልሄደም። በዚያ ዓመት የተስማሚነት ካርታ ቢሠራ ነጥቡ ከፍ ያለ፣ እንስሳው ግን የሌለበት ይሆን ነበር። ስለዚህ የካርታው ርዕስ ላይ መኖሪያ እንጂ ብዛት የሚል ቃል አይገባም፤ ይህንን ለሚጠይቀኝ ሁሉ በጽሑፍ እሰጣለሁ።

ቀጣዩ ሥራ የግጦሹን ድርሻ በቁጥር መተካት ነው። በቅርቡ በተቆረጡና በተሳሱ ክፍሎች ውስጥ ጥንድ ጥንድ 5 በ5 ሜትር ቦታ ይመረጣል፤ አንዱ በእሾህና በሽቦ ይታጠራል፣ ሌላው ክፍት ይተዋል። በመስከረም የሁለቱም ሣርና ቅጠል ታጭዶ፣ ደርቆ ይመዘናል። አጥሩ አጋዘኑንም ስለሚከለክል ልዩነቱ የከብት ብቻ አይሆንም፤ ለመለየት ክፍት ቦታዎቹ ላይ ካሜራ ያስፈልጋል። ሽቦው ተገዝቷል። ካሜራው ውድ ስለሆነ ከጓደኛ በውሰት ተጠይቋል፤ ካልተገኘ ኮቴና በጠጥ እየቆጠርን እንሄዳለን።